የእናቴ በር የሚያውቃቸው ሰዎች

ጥቅምት 4

«እዚህ ሕንፃ ውስጥ ሰው የሚሞተው ልቡ ሲቆም ሳይሆን ካርዱ ሲሰረዝ ነው» አለች ትናንት አሳንሰር ውስጥ አንዲት የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ለጓደኛዋ። ጓደኛዋ ሳቀች። እኔ ግን የትኛው በር ለየትኛው ሰው እንደሚከፈት መወሰን መተዳደሪያዬ ስለሆነ ቢሮዬ ገብቼ ፈተሽኩ። እውነቷን ነው። ዓምና የቀበርነው የመጋዘን ኃላፊ እስከ ትናንት ድረስ ምድር ቤቱን፣ የጽሕፈት ዕቃ ክፍሉንና የሴቶች ልብስ መቀየሪያውን የመክፈት ሙሉ መብት ነበረው። የመጨረሻውን ማን እንደሰጠው አልታወቀም። ሰረዝኩት። አሁን በወጉ ሞቷል፤ ነፍስ ይማር።

ውድ አክስቴ፣ ሰላምታዬን ወደዚህ ያወረድኩት በንቀት አይደለም። የፍርድ ቤቱን መዝገብ ቤት ሲመሩ «መጀመሪያ ፍሬ ነገሩን፣ እጅ መንሣቱን ኋላ» ይሉ እንደነበር ስለማስታውስ ነው። ጤናዎ፣ ጉልበትዎና መነጽርዎ እንዴት ከረሙ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እናቴ ስደውልላት «ደህና ነኝ፣ ብላ፣ ተኛ» ብላ ትዘጋዋለች። ስለዚህ ወሬ የምጠይቀው እርስዎን ነው።

ፍሬ ነገሩ የስፌት መኪናው ነው። ፍንጭቱ ወንድሜ የእናቴን መኪና ከቤት አውጥቶ እንደሸጠው ከሰማሁ ወዲህ ስለ በር ሳስብ ነው የሰነበትኩት። ሌባ አልለውም፤ ሌባ ሰብሮ ነው የሚገባው። እሱ አንኳኳ። እናቴ «ማነው?» አለች። «እኔ ነኝ» አለ። ከፈተችለት።

አክስቴ፣ በእኛ ሥራ ደህና በር የሚባለው ሦስት ነገር የሚጠይቅ ነው። ማን ነህ? መሆንህን በምን ልወቅ? ብትሆንስ፣ እዚህ ምን ጉዳይ አለህ? ቤተሰባችን ከጥንት ጀምሮ የመጀመሪያውን ብቻ ይጠይቃል፤ መልሱም ከጥንት ጀምሮ «እኔ ነኝ» ነው። ይህ ደግሞ ማንም ሰው ሳይዋሽ ሊመልሰው የሚችል መልስ ነው።

ስለዚህ ወደዚያ በሚመጣ ባልደረባዬ እጅ አዲስ የበር ቁልፍ ልኬያለሁ። በጣት አሻራ፣ በካርድ ወይም በሚስጥር ቁጥር ይከፈታል፤ ማን መቼ እንደገባም ለስልኬ ይነግረኛል። ጥሩ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፈልገው ያስገጥሙልኝ። መግባት የሚፈቀድላቸው እናቴና እርስዎ ናችሁ። ፍንጭቱ አይፈቀድለትም። ከውስጥ ሆና እንዳትከፍትለትም እናቴን በስልክ በአባቴ አጥንት አስምያታለሁ። እሺ ብላ ማለች፤ «ብላ፣ ተኛ» ብላም ዘጋችው።

ይህን የማደርገው በቂም አይደለም። መኪናው ወጥቷል፤ ዛሬ ካልተዘጋ ቀጥሎ የሚወጣው አልጋዋ ነው።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ

ኅዳር 20

ለተከበርከው የእህቴ ልጅ፣ ለበር አዛዡ፣

ሰላምታዬ በማንም ሳይፈተሽ ይድረስህ። ዕድሜ፣ ጤናና ደግ አለቃ ይስጥህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ከደረጃ በቀር ደህና ነው።

ቁልፉ ደርሶ ተገጥሟል። ሠራተኛው በሩን ሊበሳ ሲጠጋ እናትህ «ቀስ በል፣ አባታቸው የሠራው በር ነው» አለችው። እሱም ቀስ ብሎ በሳው።

ቀጥሎ አሻራ ተሰበሰበ። የእኔን ገና ከመንካቴ አረንጓዴ በራ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አንድ ነገር ወዲያው ሲያውቀኝ የመጀመሪያው ነው። እናትህ አውራ ጣቷን አስቀመጠች፤ ቀይ። ሌባ ጣቷን አስቀመጠች፤ ቀይ፤ ይህስ ይሁን። ቀለበት ጣቷን፣ ትንሿን፣ የግራ እጇን ሁሉ ሞከረች። ሠራተኛው እጇን ወደ ብርሃን አዙሮ አየና «እማማ፣ አሻራ እኮ የለዎትም» አላት። ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቅ ስትጎትት፣ በመርፌ ስትወጋ የኖረች ሴት፣ ጣቷ እንደ ወንዝ ድንጋይ ልሙጥ ሆኗል። «የት ጣልሽው?» አልኳት። «ልብሳችሁ ላይ ነዋ» አለች።

ስለዚህ ሚስጥር ቁጥር ተሰጣት። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታችን ዳቦ ሻጯ ቁጥሩን እየነካካች ስትገባ አየሁ። እናትህን «ይሄን ቁጥር ለማን ነው የነገርሽው?» ብላት «ለጠየቀኝ ብቻ» አለችኝ። ቁጥሩን አስለወጥኩና ካርድ ሰጠኋት። ካርዱን በክር አንገቷ ላይ አስሬላታለሁ፤ ገበያ ስትሄድ ሰዎች ሹመት የተሰጣት እየመሰላቸው መንገድ ይለቁላታል።

ለዳቦ ሻጯ ግን ፈቃድ ላክላት። ጠዋት ጠዋት እናትህን የምታያት እሷ ናት። ስለ ቁልፉ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉ ሰዎች በሰፈሩ አሉ። እኔ አላልኩም፤ አሉ ነው ያልኩህ።

እናትህ ስለ መኪናው አታነሣም። መኪናው የነበረበት ቦታ ላይ ወንበር አድርጋ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች።

አክስትህ

ታኅሣሥ 11

ውድ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ከእነ ብርዱ ይድረስዎ፤ እዚህ ሌላ የምልከው የለም። ፈጣሪ ለጉልበትዎ ደረጃ የሌለው ዓለም ይስጥልኝ።

ለዳቦ ሻጯ ፈቅጃለሁ፤ ከጠዋት እስከ ቀትር ብቻ። አይቀየሙኝ። የሥራችን ዋና ሕግ ሰው ለሥራው የሚበቃውን ያህል እንጂ ለፍቅሩ የሚበቃውን ያህል በር አይሰጠውም ይላል። ዳቦ የሚመጣው ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ወሬ ነው፤ ወሬ ደግሞ ደጅ ላይም ይወራል።

እዚህ በየበሩ «ከኋላዎ ለሚመጣ ሰው በር አይያዙ» የሚል ማስታወቂያ ለጥፌያለሁ። ብዙ ሰው የሚገባው ሰብሮ ሳይሆን ጨዋ ሰው ተከትሎ ነው። ሁለት እጁ ዕቃ የሞላ ሰው ካዩ ያዝናሉ፣ በሩን ይይዙለታል፤ እሱም «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይገባል። አለቃዬ ራሱ ማናችንም የማናውቀውን ሰው እንዲህ አስገብቷል። ሰውዬው አበባ የያዘ የአለቃዬ የሚስት ወንድም ሆኖ ተገኘ። ቢሆንም ደንብ ደንብ ነው።

የሚስጥር ቁጥሩን ነገር እዚህ ለሚሠለጥኑ አዳዲስ ሠራተኞች አጫወትኳቸው። «ለጠየቀኝ ብቻ» የሚለውን ግድግዳ ላይ ጽፈው ሰቅለውታል።

ሌላ ወሬ ካለ ይጻፉልኝ። ስለ ፍንጭቱ አልጠየቅኩም።

አክባሪዎ

ጥር 9

ለእህቴ ልጅ፣

ክረምትህ ይጠር፣ በጋህ ይርዘም። ማስታወቂያህን አነበብኩት። ሰውን ባለጌ ለማድረግ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ እንዳለ አላውቅም ነበር፤ ለነገሩ እኛም ፍርድ ቤት በር ላይ ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎች ነበሩን።

ዳቦ ሻጯ ፈቃዷን እንደ ሹመት ይዛዋለች። እናትህ ከውስጥ ልትከፍትላት ስትል «ተይ! አትክፈቺልኝ! ተፈቅዶልኛል!» እያለች ትጮኻለች። ከዚያ አውራ ጣቷን ትጫነዋለች፤ ቀይ።

«እጅሽን ጥረጊዋ፣ ዱቄት ነው» እላታለሁ።

«ጠርጌዋለሁ እኮ!»

«የጠረግሽው ቀሚስሽ ላይ ነው። ቀሚስሽም ዱቄት ነው።»

ከቀትር በኋላ ደግሞ በንጹሕ እጅ መጥታ ቀይ ሲበራባት ቁልፉን እንደ ሰው ትሳደባለች። «እንደ ሀብታም ዘመድ ነሽ አንቺ፤ ጠዋት ታውቂኛለሽ፣ ከሰዓት አታውቂኝም!»

አሁን ያየሁትን ልጻፍልህ። አስተያየት አልጨምርበትም፤ የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ እናትህ ዘንድ ተቀምጬ ሳለ ተንኳኳ።

«ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«አውቄሃለሁ። አልከፍትልህም፤ ምያለሁ።»

«አትክፈቺ። እግሬን ላሳርፍ ብዬ ነው።»

ደፉ ላይ ሲቀመጥ ተሰማን። እናትህ ወንበሯን ከመስኮቱ ወደ በሩ ጎትታ፣ ፊቷን ወደ እንጨቱ አድርጋ ተቀመጠች።

«በልተሃል?»

«በልቻለሁ።»

«ውሸትህን ነው።»

«እንግዲህ ካወቅሽ ለምን ትጠይቂኛለሽ?»

ተነሥታ ሳህን በመስኮቱ አወጣችለት። በላ። ሳህኑን በመስኮቱ መለሰ። «ሾርባው ጨው አንሶታል» አለ። «ጨው የምቀምሰው ከሰው ጋር ስበላ ነው» አለችው። እሱ እዚያ፣ እሷ እዚህ፣ በሩ መካከል። ቃሏን አላፈረሰችም፤ ይህን ለመዝገቡ ያዝልኝ።

ለአንድ ተጨማሪ ሰው ፈቃድ ልጠይቅህ አስቤ ነበር። የማንን እንደሆነ ብጽፍ ወረቀቱን ታጥፈዋለህ ብዬ ተውኩት። ያ የአንተ ስልክ ግን፣ መስኮት ይመዘግባል?

አክስትህ

ጥር 27

ውድ አክስቴ፣

በጤናዎ ያቆይልኝ።

መስኮት አይመዘግብም። ያ መስኮት ፍርግርግ ከሌለው ዛሬውኑ በአካባቢው ላለ በያጅ ነግረው ያሠሩለት። ወጪው የእኔ ነው።

አንድ ነገር ላጫውትዎ። እዚህ ሰው ከሥራ ሲሰናበት ካርዱ የሚሰረዘው ከመነገሩ በፊት ነው። ሰውዬው ጠዋት ይመጣል፣ ካርዱን ያስጠጋል፣ በሩ ዝም ይለዋል። መባረሩን ከአለቃው ቀድሞ የሚነግረው በሩ ነው። ጭካኔ ይመስላል። ግን «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» ያሉት የኛው ሰዎች ናቸው። የተቆጣ ሰው ቁልፍ በእጁ ይዞ አንድ ሰዓት እንኳ መቆየት የለበትም፤ የሚወደድ ሰው ከሆነ ደግሞ ይበልጡን ቁልፍ ሊይዝ አይገባም፤ የሚወደድን ሰው ማንም አይጠረጥረውማ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ስለ ሳህኑ የጻፉትን አንብቤዋለሁ።

አክባሪዎ

መጋቢት 6

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ፍርግርጉን አላሠራሁም፤ በሰፈራችን ያለው በያጅ ራሱ ወንድምህ እንደሆነ ታውቃለህ። የቁልፉን ባትሪ አስለውጫለሁ። እናትህ እግሯም ልቧም ደህና ነው። ሌላ የምጠይቅህ ፈቃድ የለም።

አክስትህ

ሚያዝያ 2

ውድ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ደብዳቤዎ አጥሮብኛል። አንድ የመዝገብ ቤት ሰው በዚህ ያህል ቃል የሚጽፈው ወይ ሲቸኩል ወይ ሲጠነቀቅ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ጡረተኛ ነዎት፣ አይቸኩሉም።

«ሌላ የምጠይቅህ ፈቃድ የለም» የሚለው አሳስቦኛል። በእኛ ሥራ የፈቃድ ጥያቄ ድንገት ሲቆም ደስ አይለንም። ወይ ሰው ሁሉ የሚገባውን አግኝቷል፣ ወይ ሌላ መንገድ አግኝቷል ማለት ነው። የመጀመሪያው እስከ ዛሬ የትም ሕንፃ ላይ አልገጠመኝም።

ስልኬን ስመለከት በሩ ጠዋትና ማታ በእርስዎ ጣት ይከፈታል። የእናቴ ካርድ ግን ከየካቲት ጀምሮ አንድም ቀን አልነካውም። ዳቦ ሻጯም ቀርታለች። ቁልፉ የሚነግረኝ የገባን ሰው ነው። እናቴ ካልገባች አልወጣችም ማለት ነው። ገበያ መሄድ ትታለች? ታማ ይሆን? ስልክ ስደውል ያው ነው፤ «ደህና ነኝ፣ ብላ፣ ተኛ»። እንዲያውም ድምፅዋ ከወትሮው ደህና ነው፤ ትስቃለች። አሁን የጨነቀኝ እሱ ነው።

እባክዎ በቶሎ ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ

ግንቦት 29

ውድ አክስቴ፣

መልስ አላገኘሁም። ፖስታው ይሆናል። ለማንኛውም በደህና ይቆዩኝ።

ሰሞኑን የገጠመኝን ልጻፍልዎ። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስገባ ካርዴ ቀይ አበራ። ከባልደረቦቼ አንዱ ሥርዓቱን ሲያድስ የእኔን ስም ዘሎታል። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ዘወትር ስለ ወገቡ ሕመም የሚያጫውተኝ ሰው ነው፤ የልጁን ሠርግ ፎቶ አሳይቶኛል። «ክፈትልኝ እንጂ» አልኩት።

«ማን ልበል?» አለኝ።

«እንዴ! እኔ ነኝ!»

«አንተ መሆንህንማ አውቃለሁ» አለ በትሕትና። «ዛሬ ግን አትታወቅም።»

ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልክ ነበር። ዝናብ እየዘነበ ስለነበር ልክነቱን ውጭ ቆሜ ለማሰላሰል በቂ ጊዜ አገኘሁ። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ከኋላዬ መጣች፣ ካርዷን አስጠጋች፣ በሩን ይዛ «ግባ እንጂ፣ ምን ትርሳለህ» አለችኝ። ማስታወቂያዬ ከራሷ በላይ ተለጥፏል። ገባሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አስቤ የደረስኩበት ይኸው፦ ፍንጭቱ ይግባ። እሁድ እሁድ፣ በቀን፣ እርስዎ ባሉበት። በጎብኚ ደረጃ ነው፤ ዕቃ ይዞ መውጣት የለበትም። አሻራውን ቀርቦ ያስመዝግብ። እናቴን ከመሐላዋ ፈትቻታለሁ፤ ይንገሩልኝ። ከዚህ በላይ አሁን አልችልም። ይህችንም ለመጻፍ ብዙ ወረቀት ቀድጃለሁ።

እሱ ይህን ሲሰማ ምን እንዳለ፣ እሷም ምን እንዳለች ሳይደብቁ ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ

ሰኔ 18

ለምወድህ የእህቴ ልጅ፣

የሰጠኸውን የሚመልስ አምላክ ለአንተም በር አይዝጋብህ። ለዘገየሁበት ይቅር በለኝ። ፖስታው አይደለም፤ ለመዋሸት ስሞክር ነው የቆየሁት። ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴም አላማረልኝም። የሰው ውሸት በመዝገብ ሳስር ሳደራጅ ጡረታ ወጣሁ፤ የራሴን ለመጻፍ ግን እጄ አልለመደም።

ፈቃድህን ይዤ ወንድምህ ጋራዥ ሄድኩ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አንድ የሕፃን አልጋ እየበየደ ነበር። ቃል በቃል አነበብኩለት።

«እሁድ እሁድ?» አለ።

«በቀን» አልኩት።

«በጎብኚ ደረጃ?»

«ዕቃ ይዘህ አትወጣም።»

ሳቀ፤ ያ ፍንጭቱ ታየ። «ወንድሜ ነው የጻፈው? በራሱ እጅ?» አለኝ። ወረቀቱን ሰጠሁት፤ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ተቀበለኝ፣ አንብቦም አጥፎ ኪሱ አገባው። አልመለሰልኝም። ስለዚህ ያንን ደብዳቤህን ከመዝገቤ አጥቼዋለሁ።

ተሻሽሏል ብዬ አልዋሽህም። መኪናው አልተገኘም። መጠጡን ቀንሻለሁ ይላል፤ እናትህም ቀንሷል ትላለች፤ እኔ ሁለቱንም አላምናቸውም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ አንዱን በር ጠባቂ አንዱን በር አንኳኪ አድርጋ ወልዳለች፤ ለእሷ ሁለቱም ልክ ናቸው።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ። በየካቲት ውስጥ ወንድምህ ቅዳሜ ሳይመጣ ቀረ። በሚቀጥለውም ቀረ። ዳቦ ሻጯ የብየዳ እሳት እጁን እንዳቃጠለው ሰምታ መጥታ ነገረቻት። እናትህ ካርዱን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ መቀሷንና መርፌዋን በመሐረብ ቋጠረች፣ የበሩን እጀታ ጠመዘዘች፣ ወጣች። እኔ ደጅ ላይ አገኘኋት።

«ምለሽ የለም ወይ?» አልኳት።

«እንዳላስገባው ነው የማልኩት» አለችኝ። «አላስገባሁትም።»

ከጋራዡ ጀርባ ወንድምህ የሚያድርባት አንዲት ክፍል አለች። እጁ እስኪድን ልታጎርሰው ነበር የሄደችው። እጁ ድኗል። ዳቦ ሻጯም ዳቦውን ወደዚያ ነው የምታደርሰው። እናትህ ግን እዚያው ቀርታ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ በእጇ ትሰፋለች፣ የብረቱ ድምፅ ራሴን አዞረው እያለች ትማረራለች፣ ሾርባውም ጨው አለው። ከመሐላሽ ተፈትተሻል ብዬ ነገርኳት። «ይባርከው» አለች። «በልቷል ወይ? ይተኛል ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ።

አትንገሪው ያለችኝ እሷ አይደለችም፤ ያልነገርኩህ እኔ ነኝ። አንድ ጠዋት በሩ ሳይከፈት ቢውል ትደነግጣለህ ብዬ ጠዋትና ማታ እየሄድኩ ጣቴን አስነካለሁ። አረንጓዴ ይበራል። ገብቼ አቧራ አራግፋለሁ፣ መስኮቱን ከፍቼ እዘጋለሁ፣ እወጣለሁ። ቁልፉ በጣም ጥሩ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ተበላሽቶ አያውቅም። ቤቱ ውስጥ ከየካቲት ጀምሮ ማንም የለም።

አክስትህ